ጋቢ የለበሰው ድስት

ሰው ሲበላ ቆሞ የሚያይ አይወደድም። እኔ ደግሞ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍሁት በዚያ ነው። ሰው ሲያበስል፣ ሲያጥብ፣ ሥጋ ሲቆርጥ፣ ሲጎርስ ቆሜ አይቼ ደመወዝ ተከፍሎኛል። መጠሪያዬ በወረቀት ላይ የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነበር። ሕዝቡ ግን ነጭ ጋውን የለበሰችን ሴት ሁሉ ሲስተር ስለሚል፣ ሲስተር አስቴር ተብዬ ኖሬ ሲስተር አስቴር ተብዬ ጡረታ ወጣሁ። መርፌ ወግቼ አላውቅም።

ቤት ከዋልሁ በኋላ ባለቤቴ ደምሴ፣ ‹‹ያየሽውን ጻፊው እንጂ፣ እኔ ላይ ብቻ አትጨርሺው›› ይለኝ ነበር። ገበታ በቀረበ ቁጥር ወሬዬ ያው ስለነበረ ነው። አምና እሱ አረፈ። የማወራለት ሰው ሳጣ ልጽፈው ተቀመጥሁ። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። አንዳንድ ቀን ግማሽ ገጽ እጽፋለሁ፤ አንዳንድ ቀን ወረቀቱን አይቼው ብቻ እነሣለሁ።

ዛሬ ያስጀመረኝ የጎረቤት ልጆች ጥያቄ ነው። እዚህ አዳማ ከፋሲካ በኋላ ሙቀቱ ሲጠና ወጣቱ ሁሉ ወደ ውሃ ዳር ይወጣል። ወደ ቢሾፍቱ ሐይቆች የሚሄድ አለ፣ ወደ ባቱ የሚወርድ አለ። ዘንድሮ በረዶ የሚያዝበት ሳጥን ገዝተዋል፤ የሚታጠፍ የብረት ምድጃም አላቸው፤ ባርቤኪው ይሉታል። ‹‹ሲስተር፣ ምን ይዘን እንሂድ?›› ብለው መጡ። ጥሬውን ሥጋ ለብቻው ዕቃ ውስጥ ከበረዶው በታች አድርጉት አልኋቸው። ቲማቲሙንና ሰላጣውን እዚሁ በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ ሂዱ፣ የሐይቅ ውሃ ማጠቢያ አይደለም። ጥሬ የነካው ቢላዋ ሳይታጠብ የበሰለውን አይንካ። ነበልባሉ ወርዶ ፍሙ ሲቀር ጥበሱ፣ ያረረውን ቆርጣችሁ ጣሉት። ከሥጋው እኩል አትክልት ይኑር፤ ሐብሐብ መቂ ላይ ሲያልፉ ይገዛል። አንደኛው ልጅ፣ ‹‹ዶሮ ወጥም እናቴ ሠርታ ትሰጠናለች›› አለኝ። ከዚያ ልጁን ቁጭ በል አልሁት። ለእሱ በአጭሩ የነገርሁትን ነው እዚህ በረጅሙ የምጽፈው።

የመጀመሪያ ምድቤ ቡልቡላ ነበር። መንገድ ዳር የተዘረጋች ከተማ ናት። ከባድ መኪና ይቆማል፣ ፍየል ይታረዳል፣ ሥጋው በአቧራው ትይዩ ይሰቀላል። ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ስለነበር፣ ያገኘሁትን ሁሉ ስለ ጀርም ማስተማር ጀመርሁ። አንድ ሥጋ ሻጭ በትዕግሥት ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ ‹‹እህቴ፣ ያልሽውን ነገር እስቲ አሳይኝና በዚህ ቢላዋ ልግደለው›› አለኝ። ተራ የሚጠብቁት ሾፌሮች ሳቁ። የማሳየው ነገር አልነበረኝም። አለቃዬም የሚፈልገው የተቆፈረ መጸዳጃ ቤት ብዛት ነበር፤ ቅጹ ብዙ፣ ደመወዙ ጥቂት። ሰው ምን እንደሚበላ የሚጠይቀኝ አልነበረም።

ሥራውን የተማርሁት ወደ ባቱ ስዛወር ነው። ያኔ ዝዋይ ነበር የምንላት። አስተማሪዬ አቶ ጉተማ የሚባሉ አዛውንት ባልደረባችን ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ። ምግብ ቤት ሲገቡ በቀጥታ ወደ ማድ ቤት አይሄዱም፤ ከተመጋቢው ጋር ይቀመጣሉ። በኦሮምኛ ሰላምታ ይሰጣሉ፣ የልጆቹን ደኅንነት ይጠይቃሉ። ከዚያ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ‹‹ውሃችሁ ከየት ነው የሚመጣው?›› ቆሻሻ የሚለውን ቃል ሰው ፊት ሲናገሩ አልሰማሁም። ‹‹ሰውዬውን ቆሻሻ ካልሽው ቀኑን ሙሉ ስለ ራሱ ነው የሚያስበው፤ ስለ ቢላዋው አያስብም›› ይሉኝ ነበር።

የድስት ክዳን ከፍተው አያሸቱም። የእጃቸውን ጀርባ ወደ ድስቱ ሆድ ያስጠጋሉ። ቢያቃጥላቸው ደስ ይላቸዋል። ቀዝቃዛ ነገር ከሆነም፣ የምር ቀዝቃዛ ሲሆን፣ ደስ ይላቸዋል። ለብ ያለ ነገር ሲነካቸው ግን ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጋሉ። ‹‹ይሄ መቼ ወረደ?›› ይላሉ። ከምድጃ ላይ መቼ ወረደ ማለታቸው ነው። ሌላ ሰው የምግቡን ጣዕም እንደሚጠይቅ፣ እሳቸው የሚጠይቁት ሰዓቱን ነበር። ሳላውቀው እኔም ያዘኝ፤ ደምሴ ቤት ሲገባ ‹‹ምን ሠራሽ?›› ሳይሆን ‹‹መቼ ወረደ?›› እያለ ያሾፍብኝ ነበር።

ደምሴ የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ነበር። የተጋባነው እዚያው ነው። በሥራ ሰዓት ግን እኔ አቶ ደምሴ እለው ነበር፤ እሱም ሲስተር ይለኝና አንቱ ይለኝ ነበር። አቶ ጉተማ ከኋላ ተቀምጠው ይህን ሲሰሙ ጺማቸውን ያሻሉ።

የቅዳሜ ሥራችን የሐይቁ ዳርቻ ነበር። ከአዳማና ከአዲስ አበባ ሰው በመኪና ይመጣል። ልጆች ጀልባ ይላሉ፣ ሽማግሌዎች ጥላ ፈልገው ይቀመጣሉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ ሆድ ዕቃ ይጠብቃሉ። በዳርቻው ዓሣ ጠባሾች በአንድ ረድፍ ዳስ ሠርተው ይሸጣሉ። አቶ ጉተማ ዓመታት ፈጅተው እዚያ ረድፍ ላይ ልማድ ተክለዋል። ዓሣው የሚሰነጠቀው ከእሳቱ ርቆ ነው። ጥሬው የራሱ ጣውላ አለው፣ የበሰለው የራሱ ሳህን። ሎሚ ዓሣ ያበስላል የሚሉ ሰዎች ነበሩ፤ ሎሚው ለጣዕም ነው፣ የሚያበስለው እሳቱ ነው እያሉ አሳመኗቸው። ሥጋው ከእሾሁ ተላቆ እስኪወጣ ከሽቦው ላይ አይነሣም።

ከጠባሾቹ ውስጥ ይህን ልማድ በደንብ የያዘችው ድንቂቱ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ትቷት ሄዶ፣ ሁለት ልጆቿንና አንዲት የታመመች እህቷን በዚያ እሳት ታኖር ነበር። ምላሷ እንደ ቢላዋዋ ነው። ደንበኛ ቢያቻኩላት፣ ‹‹ጥሬውን ከፈለጉ ሐይቁ ያውና፣ ገብተው ይያዙ›› ትላለች። ሰው ስቆ ይጠብቃታል።

አንድ ቅዳሜ፣ ወሩ ግንቦት ነበር፣ ከአዳማ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው መጣ። የአንድ ሠፈር ጎረቤቶች ናቸው። አስካለ የምትባል የሠፈሩ ሴት ልጇ ተመርቆላት፣ ደስታዋን ከጎረቤቶቿ ጋር ሐይቅ ዳር ልታሳልፍ ይዛቸው መጣች። ምግብ ከቤት ይዘዋል፤ ከድንቂቱ ደግሞ ዓሣ አዘዙ። በሉ፣ ጨፈሩ፣ ልጁን መረቁ፣ ሄዱ። እኔና አቶ ጉተማ ያን ቀን ረድፉን ዞረን፣ ድንቂቱ ጋ ተቀምጠን እኛም በልተናል።

ሰኞ ቢሮ ስንገባ ከአዳማ ስልክ ተደውሎ ነበር። ከአውቶቡሱ ሰዎች ብዙዎቹ ቅዳሜ ማምሻውን ጀምሮ ሆዳቸውን ታመዋል፤ ቁርጠትና ተቅማጥ። የአስካለ አባት ሽማግሌ ስለሆኑ ደክመው ሆስፒታል ተኝተዋል። ምክንያቱን የጠየቀ የለም፤ ሁሉም ሰው አውቆታል። ሐይቅ ሄደው ዓሣ በልተው ታመሙ፤ አበቃ።

አቶ ጉተማ ራሳቸው ድንቂቱ ጋ ሄዱ። እኔም አብሬ ነበርሁ።

‹‹ድንቂቱ፣ ነገሩ እስኪጣራ እሳት አታንድጂ›› አሏት።

‹‹አባባ ጉተማ፣ ቅዳሜ እርስዎም እዚህ በልተዋል አይደል?››

‹‹በልቻለሁ።››

‹‹ይኸው ቆመዋል።››

‹‹ቆሜያለሁ።››

‹‹ታዲያ ከእርስዎ ሆድ የበለጠ ምን ማጣሪያ አለ?››

‹‹የእኔ ሆድ አንድ ምስክር ነው። ብዙ ምስክር ነው የምፈልገው›› አሏት። ፍሟ ላይ ውሃ አፈሰሰች። ጭሱ ፊታችንን ሸፈነው።

በማግስቱ ግን የባሰ ነገር ሰማን። የረድፉ ጠባሾች ተሰብስበው የድንቂቱን ዳስ ነቀሉት። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም። ‹‹ዝዋይ ዓሣ ሰው አሳመመ›› የሚለው ወሬ ሁላቸውንም እንዳያጠፋ፣ ‹‹ያቺ ናት፣ እሷም ሄዳለች›› ለማለት ነው። የረድፉ ተጠሪ ለእኛም ይህንኑ በግልጽ ነገረን። ደግሞም ሌላ ልማዳቸውን አስታወሰን፦ ክረምት ሲገባ ረድፉ ይዘጋል፤ እስከዚያ ድረስ እሳት ያልነደደበት ቦታ በሚቀጥለው ወቅት ለሌላ ሰው ይሰጣል። ለቦታው የሚጠብቅ ሰው ሞልቷል። ዝናቡ ሳይገባ ደንበኛ ካልተመለሰላት፣ ድንቂቱ ያንን ቦታ ለዘለዓለም ታጣለች።

ወደ አዳማ ሄድን። የእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ዘዴ ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋል። የታመመውን ትጠይቃለህ፤ ከሁሉ በላይ ግን ያልታመመውን ትጠይቃለህ። አቶ ጉተማ ያልታመመ ሰው ሲያገኙ ወንበር ያስመጡ ነበር። እኔ በአንድ በኩል፣ እሳቸው በሌላ በኩል ሆነን ቤት ለቤት ዞርን።

‹‹ምን በላችሁ?›› እላለሁ።

‹‹ዓሣ።››

‹‹ሌላስ?››

‹‹ሌላ ምን አለ? ያው የአስካለ ዶሮ ነዋ።››

ሁሉም የሚመልሱልኝ እንደዚህ ነበር። ዶሮው ምግብ መሆኑን የረሱት ይመስል ነበር። የአስካለ ዶሮ ወጥ በሠፈሩ የታወቀ ነው፤ ሠርግ ሲሆን እሷን ነው የሚጠሩት። እንዲህ ያለ ወጥ አይጠረጠርም። አንድ ሰውዬ ብቻ፣ እሾህ ስለሚፈራ ዓሣ በአፉ አዙሮ አያውቅም፤ እሱ በደንብ ታሟል። ይህን ስሰማ ልቤ ትንሽ ነቃ አለ።

ከአስካለ ቤት አጠገብ ወይዘሮ ዘይነባ የምትባል ጎረቤቷ አለች። በር ላይ ተቀምጣ ምስር ስትለቅም አገኘኋት።

‹‹እናንተ ቤት ማን ታመመ?›› አልኋት።

‹‹ማንም። አልሐምዱ ሊላህ።››

‹‹ዓሣውን አልበላችሁም ማለት ነው?››

‹‹እንዴ! ሌላ ምን ልንበላ ኖሯል? ልጆቼ አጥንቱን እስኪልሱ ነው የበሉት።››

‹‹ዶሮውንስ?››

‹‹እሱማ የእናንተ እርድ ነው። አስካለም ታውቃለች። ዓሣውን ያዘዘችው ለእኛ ብላ ነው እኮ፤ ሁላችንም ከአንድ ቦታ እንድንበላ። ያው ዓሣ እርድ የለውም።››

ሠፈሩ ውስጥ በአውቶቡሱ የሄዱ ሌሎች ሙስሊም ቤተሰቦች ነበሩ። ሁሉንም ጠየቅሁ። ሁሉም ዓሣውን በልተዋል፣ ማንም ዶሮውን አልነካም፣ ማንም አልታመመም። መኪናው ውስጥ ስገባ ደምሴ በመስታወቱ አይቶኝ፣ ‹‹ሲስተር፣ ፊትዎ በራ›› አለኝ። ‹‹ዓሣው አይደለም›› አልሁት። ‹‹ጎሽ›› አለና ሞተሩን አስነሣ። ስለ ድንቂቱ እንቅልፍ አጥቼ እንደሰነበትሁ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም።

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀምጬ ነበር። ‹‹ጎሽ›› የሚለውን ቃል እሱ እንደሚለው የሚል ሰው የለም፤ አጭር አድርጎ ነው የሚለው። ሁለት ቀን አልጻፍሁም። እቀጥላለሁ።

የቀረን አስካለን መጠየቅ ነበር። አባቷ ከሆስፒታል ወጥተው አልጋ ላይ ናቸው፤ እሷ በማንኪያ የስኳርና የጨው ውሃ እያጠጣች አገኘናት። ጠያቂ ሰው ሳሎን ሞልቷል። አቶ ጉተማ ጓሮ ወጥተን እንነጋገር አሉ። ወጡን እንዴት እንደሠራች ጠየቋት። መጀመሪያ ላይ በደስታ ነው የነገረችን፤ ባለሙያ ስለ ሙያዋ ስትጠየቅ እንደምትሆነው። ሽንኩርቱን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጀምራ አቁላላችው። ዶሮዎቹ ብዙ ስለነበሩ ከጎረቤት ትልቁን ድስት ተዋሰች። ሲመሽ ወጡ ደረሰ። ሌሊቱን እንዳይቀዘቅዝ ክዳኑን ገጥማ፣ ከሣጥን ያወጣችውን የባሏን አዲስ ጋቢ አለበሰችው። በላዩ ላይ ደግሞ ሌላ ጋቢ።

‹‹ጠዋት እጄን ከጋቢው ሥር ሳስገባ›› አለች፣ ‹‹ድስቱ ለብ ብሎ ጠበቀኝ። እንደተኛ ሕፃን።››

አቶ ጉተማ ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ።

‹‹ሐይቁ ዳር ስትደርሱ እሳት ላይ ጣድሽው?›› አልኋት።

‹‹ለብ ያለን ነገር ምን ብዬ እጥዳለሁ?››

ነገርኋት። በቀስታ ነው የነገርኋት፤ እሳቸው እንዳስተማሩኝ፣ ስለ እጇ ሳይሆን ስለ ሰዓቱ። ትልቅ ድስት ሙሉ ወጥ በጋቢ ሲጠቀለል ሌሊቱን ሙሉ ለብ እንዳለ እንደሚያድር፤ ያ ሙቀት ሥጋ ውስጥ ለሚራባ ጀርም ምቹ አልጋ እንደሆነ፤ ወጡ በትናንሽ ዕቃ ተከፋፍሎ ቶሎ ቢቀዘቅዝና ሲበላ እንደገና ቢንተከተክ ኖሮ ማንም እንደማይታመም።

‹‹አባቴን ያሳመመችው የእኔ እጅ ናት እያልሽኝ ነው?››

‹‹እጅሽ አይደለም፣ እትዬ አስካለ።››

‹‹እናቴ በዚህ ዓይነት ድስት ጠቅልላ ስንት ንግሥ ወስዳናለች። ማን ታመመ?››

‹‹ታሞም ከሆነ በሌላ ነገር ነው የተሳበበው›› አሉ አቶ ጉተማ።

‹‹እንግዲህ አሁንም በሌላ ነው የተሳበበው። ዓሣ ነው ተብሏል። ዓሣ ነው።›› ነጠላዋን አጥብቃ ተነሣች።

አቶ ጉተማ ግን በተቀመጡበት፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ ‹‹ዓሣውን የሠራችው ሴት ዳሷ ተነቅሏል›› አሏት።

‹‹ማን ነቀለው?››

‹‹ጎረቤቶቿ። ክረምት እስኪገባ ደንበኛ ካልመጣላት ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል። ልጆች አሏት።››

አስካለ ወደ አባቷ ገባች፤ እኛም ወጣን።

ሪፖርቱን ጻፍን። ኃላፊያችን ተቀበለው፣ እገዳው ተነሣ፣ ወረቀቱን ለድንቂቱ ሰጠኋት። በሥራ ዘመኔ ከጻፍሁት ሁሉ እሱን የሚያህል ትክክለኛ ሪፖርት ያለ አይመስለኝም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ቆሜ አየሁት። ድንቂቱ በረድፉ ጫፍ፣ ዳስ በሌለበት፣ ሦስት ጉልቻና አንድ ሽቦ ይዛ ትቀመጣለች። ሰው ከመኪና ይወርዳል። ‹‹ያቺ የአዳማን ሰዎች ያሳመመችው የትኛዋ ናት?›› ብሎ ይጠይቃል። በአገጭ ያሳዩታል። ሌላው ጋ ይሄዳል። አንዳንዱ ጭራሽ ዓሣ ትቶ ከቤቱ ይዞት የመጣውን ድስት ከመኪናው የኋላ ኮፈን ያወርዳል፤ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ለብ ያለ። እኔ ከአንዱ ድስት ወደ ሌላው እየሮጥሁ ‹‹እባካችሁ ጣዱት›› እላለሁ። እንግዳ ሰው ድስታችሁ እንዲህ ነው ሲል ማን ይሰማል?

ጠባሾቹን ሰበሰብናቸው፤ ወረቀቱን አነበብንላቸው። ‹‹እኛማ እናምናለን›› አለ ተጠሪው። ‹‹የሚበላው ሰው ነው የማያምን።›› እውነቱን ነው። ወሬው በአዳማ ነው የተወለደው፤ ከአዳማ ካልተመለሰ የሚያስቆመው አልነበረም። አቶ ጉተማ አንድ ቀን ከሐይቁ ስንመለስ፣ ‹‹በሽታውን አገኘነው፤ መድኃኒቱ ግን እኛ እጅ አይደለም ያለው›› አሉኝ። ዝናቡ በሩቅ በዝዋይ ደሴቶች ላይ መጥቆር ጀምሮ ነበር።

አንድ ዓርብ ማምሻውን እኔና ደምሴ አዳማ እናቱ ጋ ነበርን። ወይዘሮ ዘይነባ እንደምንም አፈላልጋ አገኘችን። ‹‹አስካለ ነገ ወደ ሐይቁ መሄድ ትፈልጋለች›› አለችኝ። ‹‹ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኋት። ብቻዋን ግን አልሰዳትም።›› ደምሴ የወንድሙን መኪና ተዋሰ። ጠዋት አስካለ ከፊት ተቀመጠች፣ እኔና ዘይነባ ከኋላ። እስከ ባቱ ድረስ ስለ አባቷ መሻሻል ካልሆነ በቀር ብዙም አላወራችም።

ሐይቁ ዳር ስንደርስ ረድፉ ሰው በሰው ነበር። አስካለ ከመኪናው ወርዳ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ከዳሶቹ ፊት ቆመች። ድምፅዋ ድግስ ያዘዘ ድምፅ ነው።

‹‹ታመሙ የተባልነው የአዳማ ሰዎች እኛ ነን›› አለች። ‹‹የዚያን ቀን የበላነውን ዓሣ የጠበሰችው የትኛዋ ናት?››

ጠባሾቹ ሁሉ ቀና አሉ። ጠብ ነው ብለው ነው። ደምሴ ወደ እሷ ጠጋ አለ። ከጫፉ ድንቂቱ ቢላዋዋን እንደያዘች ተነሣች።

‹‹እኔ ነኝ። ሊሰድቡኝ ከሆነ ቶሎ ይበሉ፣ እሳቱ ይጠፋብኛል።››

አስካለ ሄደች። ዳስ የለ፣ ወንበር የለ። አንድ ድንጋይ ፈልጋ ተቀመጠች።

‹‹ሁለት ቆሮሶ ዓሣ። ለእኔና ለዘይነባ። በደንብ ይብሰል።››

ድንቂቱ ቢላዋዋን አስቀምጣ እጇን ታጠበች፣ ሌላ ቢላዋ አነሣች። ዓሣው እስኪደርስ ማንም ከቦታው አልተንቀሳቀሰም ማለት ይቻላል። ሰው እያወራ ነው፣ ዓይኑ ግን እዚያ ነው። አስካለ እጇን ታጥባ መብላት ጀመረች። ቀስ ብላ፣ እሾሁን በሥርዓት እያወጣች፣ ለመጨረስ ሳትቸኩል። እንዲታይላት የፈለገችውን ያህል ጊዜ ወሰደች።

ድንቂቱ ዝም ማለት አልቻለችም። ፍሙን እየነካካች፣ ‹‹እናቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?›› አለች።

‹‹ጠይቂ።››

‹‹ድስት ጋቢ የሚለብሰው ብርድ ይዞት ነው?››

መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልሁ። የጋቢው ወሬ ከእኔ አፍ እንደወጣ ማንም ያውቃል። አስካለ ማላመጧን አቆመች። መጀመሪያ የሳቀችው ዘይነባ ናት፤ አፏን በሻርፗ ይዛ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ አስካለም ሳቀች። እሷ ስትስቅ መላ ሰውነቷ ነው የሚስቀው። እንባዋን ጠርጋ፣ ከዓሣው ሆድ ወፍራሙን ሥጋ ቆርሳ፣ በእንጀራ ጠቅልላ እጇን ዘረጋች።

‹‹ነይ ወዲህ። ይሄን አፍሽን ልዝጋው።››

ድንቂቱ ተንበርክካ ጎረሰች። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብላ ሁለተኛ አስጨመረችና፣ አፏ ሞልቶ በኦሮምኛ ገለቶማ ብላ እያመሰገነች ወደ እሳቷ ተመለሰች። ከሚቀጥለው ዳስ ሥር ተቀምጦ ሲያይ የነበረ ከአዲስ አበባ የመጣ አባወራ፣ ‹‹ለእኛም ከዚያው ይምጣልን›› አለ። ሌላው ተከተለው። ልንሄድ ስንነሣ የረድፉ ተጠሪ ከዳሱ ኋላ የተከመሩትን ቋሚዎች አንድ በአንድ ወደ ድንቂቱ ቦታ ሲጎትት አየሁት። ድንቂቱም ቀና ብላ አላየችውም፤ ትንሽ ቆይታ ግን ቆሻሻ ውሃዋን በእግሩ አጠገብ እያፈሰሰች፣ ‹‹ወደ ግራ፣ ወደ ግራ። ድሮ ጥላው እዚያ ነበር የሚያርፈው›› ስትለው ሰማኋት።

ስንመለስ መቂ ላይ ደምሴ ቆሞ ሐብሐብ ገዛ። መኪናው እንደገና ከተነሣ በኋላ፣ አስካለ ፊቷን ወደ መስኮቱ አድርጋ፣ ለማንም እንዳልሆነ አድርጋ ተናገረች።

‹‹ለሚመጣው ቅዳሜ ዓሣ አዝዣለሁ። አባቴም ይመጣል። አውቶቡሱን ዘይነባ ታነጋግራለች።››

‹‹ለሁሉም ሰው?›› አለች ዘይነባ።

‹‹ለሁሉም። ድስት አልይዝም። ዶሮ እንደወረደ እዚያው ቤት ሲበላ ነው የሚያምርበት።››

ደምሴ በመስታወቱ አየኝ። ማርሹን ቀየረና በዓለም ጤና ከተማ በኩል ወደ አዳማ አመራ።